ቀለም ቀንድ የታጠቀው ሰው

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ዛሬ የማካፍላችሁ በትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 9 የተጻፈውን ራእይ ነው፤ ስለ እግዚአብሔር ፍርድ ባሰብሁ ቁጥር ቀድሞ ወደ ልቤ የሚመጣው እርሱ ነውና።

ሕዝቅኤል ካህን ነበረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ597 የባቢሎን ንጉሥ ናቡከደነፆር የይሁዳን ንጉሥ ዮአኪንን ሲማርክ እርሱም ወደ ከለዳውያን ምድር ተወስዶ በኮቦር ወንዝ አጠገብ ይኖር ነበር። ራእዩ የመጣለት በምርኮው በስድስተኛው ዓመት፣ የይሁዳ ሽማግሌዎች በቤቱ ፊቱ ተቀምጠው ሳሉ ነው። በኢየሩሳሌም ከተማ ያለው ቤተ መቅደስ ገና አልፈረሰም። ነቢዩ በመንፈስ ወደዚያ ተወስዶ ሲያይ፣ ሰባ ሽማግሌዎች ጥናቸውን ይዘው በጨለማ ክፍል በግድግዳ ላይ ለተሣሉ ምስሎች ያጥናሉ፤ ሌሎችም ጀርባቸውን ለመቅደሱ ሰጥተው ለፀሐይ ይሰግዳሉ። «እግዚአብሔር አያየንም» ይባባላሉ።

ከዚያም ስድስት ሰዎች የማጥፊያ መሣሪያ ይዘው ከሰሜን በር ይመጣሉ። በመካከላቸው ግን በፍታ የለበሰ፣ በወገቡ የጸሐፊ ቀለም ቀንድ የታጠቀ አንድ ሰው አለ። የአገራችን ብራና ጸሐፊ ጥቁርና ቀይ ቀለሙን በቀንድ አድርጎ፣ የቀንዱን ሹል ጫፍ መሬት ላይ ተክሎ ሲጽፍ ያየ ሰው ዕቃውን ለመገመት አይቸገርም። ጸሐፊው ከሁሉ በፊት ይላካል፤ ስድስቱ እርሱን ተከትለው እንዲሄዱ ይታዘዛሉ። ሰይፉ ቀለሙን መጠበቅ አለበት።

ምልክቱ የሚጻፈው በከተማይቱ ስለሚሠራው ርኵሰት በሚያለቅሱና በሚተክዙ ሰዎች ግምባር ላይ ነው። እነዚህ ሰዎች ኃጢአት የለባቸውም አልተባለም፤ ከተማይቱን አቀኑ፣ ክፉውን አስቆሙም አልተባለም። የተነገረላቸው ኀዘናቸው ብቻ ነው። በግብፅ የፋሲካው ደም በበሩ መቃን ላይ ሲቀባ ቤተሰቡ በሙሉ ይድን ነበር፤ እዚህ ግን ጸሐፊው የእያንዳንዱን ሰው ፊት ማየት ግድ ይለዋል። ልጅ የአባቱን ኃጢአት አይሸከምም ከሚለው ከዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 18 ጋር ይህ በእጅጉ ይስማማል።

ለአጥፊዎቹ የተሰጠው ትእዛዝ ደግሞ «ከመቅደሴ ጀምሩ» የሚል ነበር፤ በቤቱም ፊት ከነበሩት ሽማግሌዎች ጀመሩ። በእግዚአብሔር ቤት ኃላፊነት ያለን ሰዎች ይህን ቃል ሳንፈራ ልናነበው አይገባም ብዬ አምናለሁ።

አንድ ከባድ ነገር አለ። በምዕራፍ 21 ያው ነቢይ እግዚአብሔር ጻድቁንም ኃጢአተኛውንም ከምድሪቱ እንደሚያጠፋ ይናገራል። ታዲያ የግምባሩ ምልክት የት ደረሰ? ሁለቱን ቃላት በችኮላ ማስታረቅ አልወድም። ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ከተማ ሲከበብ ረኃቡና እሳቱ ሰው አይመርጥም፤ ምልክቱ ግን በዚያ ጥፋት መካከል የሚያለቅሰው ሰው በእግዚአብሔር ዘንድ ርኵሰቱን ከሚሠራው ጋር አንድ ላይ እንዳልተቈጠረ ይመሰክራል። ጸሐፊው ተመልሶ «እንዳዘዝኸኝ አድርጌአለሁ» ሲል ምልክት የተጻፈባቸው ስንት እንደሆኑ አልተነገረም። በምዕራፍ 10 ከኪሩቤል መካከል ፍም አፍሶ በከተማይቱ ላይ እንዲበትን የታዘዘውም ራሱ በፍታ የለበሰው ነው። ምሕረቱንና ፍርዱን በአንድ እጅ ማየት እጅግ ያስጨንቀኛል።

ሕዝቅኤልንም አስጨንቆታል። አጥፊዎቹ «ዓይናችሁ አይራራ» ተብለው ሲወጡ፣ እርሱ ብቻውን ቀርቶ በግምባሩ ተደፍቶ የእስራኤልን ቅሬታ፣ ማለት የተረፉትን ሁሉ ታጠፋለህን እያለ ጮኸ። የመጣለት መልስ ምድሪቱ ደም፣ ከተማይቱም ዓመፅ እንደ ሞላባት የሚናገር ነው፤ ፍርዱም አልተለወጠም። ስለ ጩኸቱ ግን አልተገሠጸም፤ እንዲያውም በኋላ በሕዝቡ ዓይን ፊት እንዲያለቅስ ታዝዟል።

በሚቀጥለው ዝግጅት እስክንገናኝ ሰላም ሁኑ።