ፈረሱ ስም ነበረው

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ውድ ልጆቻችን፤ እንደምን አመሻችሁ!

የጥቁሮች ታሪክ ወርን ስናከብር ስለ ቆዩ የካውቦይ ፊልሞች እንድናገር አዘጋጆቹ ጠይቀውኛል። አዲስ አበባ ላደግነው፣ ካውቦይ ለማየት ሲኒማ ቤት ደጃፍ ያልተጋፋ ማን አለ? ትሪገርን የመሰሉትን ፈረሶች በስማቸው እንጠራቸው ነበር። ጥቁር ካውቦይ ግን አንድም አላየንም። ስላላየንም ያልነበረ መስሎን ኖርን።

ነበረ እንጂ! ቢል ፒኬት እ.ኤ.አ. በ1870 እዚሁ ቴክሳስ ተወለደ። ልጅ ሳለ የከብት ውሾች ያስቸገረን ሰንጋ ከንፈሩን ነክሰው ሲያስቆሙ አየ፤ እሱም ሞከረው። ጎልምሶ ከሚጋልበው ፈረስ ላይ እየዘለለ የሰንጋውን ቀንዶች ይጨብጣል፣ አንገቱን ይጠመዝዛል፣ ከንፈሩን በጥርሱ ነክሶ መሬት ላይ ይጥለዋል። ከብት ስትጠብቁ ላደጋችሁ፣ የሰንጋን ጉልበት እኔ አልነግራችሁም። ዛሬ በየሮዲዮው፣ ማለትም በየካውቦዮች የውድድር ትርኢቱ የሚታየው ሰንጋ የመጣል ውድድር የዚህ ሰው ፈጠራ ነው።

ባለፈው ዓመት ልጄን ይዤ ፎርት ዎርዝ፣ የድሮው የከብት ገበያ ሄድኩ። ሐውልቱ እዚያ ቆሟል። ልጄ ዙሪያውን ዞሮ አየና «አባዬ፣ ይሄ ሰውዬ ፊልም ሠርቷል?» አለኝ። ሠርቷል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ ለጥቁር ተመልካቾች ፊልም የሚያዘጋጅ አንድ የፍሎሪዳ ኩባንያ ቀርፆታል። ከዚያ ፊልም የተረፈው ግን ቁርጥራጭ ብቻ ነው።

ሆሊውድ በዚያው ዘመን ማንን ኮከብ አደረገ? ሪን ቲን ቲንን። በ1918 አንድ አሜሪካዊ ወታደር ፈረንሳይ ውስጥ ከጦርነት ፍርስራሽ ያወጣው ቡችላ ነው። ውሻው ሥራውን ሠርቷል፤ በእሱ ቅር አልሰኝም። ቅር የሚያሰኘኝ በ1926 የተሠራው «ዘ ዴቪል ሆርስ» ነው። ሬክስ የተባለው ፈረስ እዚያ ውስጥ የልጅነት ታሪክ አለው፣ ሐዘን አለው፣ የአገሪቱን ነባር ሕዝቦች ባየ ቁጥር የሚቀሰቀስ ቂም አለው። የእነዚያ ሕዝቦች ሰው ግን ክፉ ብቻ ነው፤ እሱንም የተጫወተው ነጭ ተዋናይ ነው። ለፈረስ ነፍስ የዘራ ደራሲ ለሰው እንዴት ይነፍጋል? ከአራት ካውቦይ አንዱ ጥቁር እንደነበር የታሪክ ሰዎች ይገምታሉ። የት ሄዱ? ማን ከመስኩ አባረራቸው?

ፒኬት በ1932 ፈረስ ረግጦት ሞተ። ሪን ቲን ቲንም በዚያው ዓመት ሞተ። ለውሻው በ1960 በሆሊውድ ጎዳና ላይ ኮከብ ተቀረፀለት። ለሰውየው በ1994 መታሰቢያ ቴምብር ታተመለት፤ ቴምብሩ ላይ የወጣው ግን የወንድሙ የቤን ፊት ነበር! ስህተቱ ሲታወቅ ተሰብስቦ እንደገና ታተመ። በሞተ በ62 ዓመቱ እንኳ ፊቱን አልለዩትም!

በ1930ዎቹ መጨረሻ ስታርደስክ በሚባል ፈረስ ላይ እየዘፈነ ስለመጣው ጥቁር ካውቦይ፣ ስለ ኸርብ ጄፍሪስም ላወራ ነበር፤ ሰዓቱ ገፋ፣ በሌላ ጊዜ።

አሁን ከፒኬት ፊልም የተረፈውን እናያለን። ድምፅ የለውም። ልጆች፣ ኑ ከፊት ተቀመጡ፤ መብራቱን አጥፉልን።