የሰጠሁት እርሾ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከማይክሮፎኑ አጠገብ አንድ የመስታወት ዕቃ አለ፣ ውስጡም የዳቦ እርሾ። ክዳኑን አላልቼዋለሁ፤ ጋዙ መውጫ ካጣ ዕቃውን ሊሰነጥቀው ይችላልና።

ይህን እርሾ ከዓመታት በፊት ዱቄትና ውሃ ቀላቅዬ የጀመርኩት እኔ ነኝ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሽታው አፍንጫ የሚያስይዝ ነበር። ሳምንት ሲሞላው ደስ የሚል ኮምጣጣ ሽታ ያዘ፣ ኩፍ ማለትም ጀመረ። ጋዙን የሚያወጡት የዱር እርሾዎች ናቸው፤ የሚያኮመጥጡት ደግሞ አብረዋቸው የሚኖሩት ባክቴሪያዎች። ኮምጣጣነቱ ሌሎች ተሐዋስያንን ስለሚያርቅ ሁለቱ ተስማምተው ይኖራሉ።

ችግሩ መብዛቱ ነው። እኔ 50 ግራም እርሾ በ50 ግራም ዱቄትና በ50 ግራም ውሃ እመግባለሁ። ሳልቀንስ በዚሁ ልክ ብቀጥል በሦስተኛው ምግብ 1,350 ግራም ይሆናል። ትርፉን መጣል ግፍ መሰለኝ፤ ለጓደኞቼ ማደል ጀመርኩ። ከእርሾው ጋር ሁለት ገጽ መመሪያም እሰጥ ነበር። አዎ፣ ሁለት ገጽ! የውሃው ሙቀት ሳይቀር ተጽፎበታል።

አንዷ ጓደኛዬ ከወሰደች በኋላ ድምፅዋ ጠፋ። ስደውል ሥራ በዝቶብኛል ትላለች፣ ልምጣ ስላት ሌላ ቀን ይሁን። ሁለት ወር ያህል እንዲህ ሆነን ቆየን። በመጨረሻ መርዶ እንደሚያረዳ ሰው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «እርሾው ሞተብኝ፣ ይቅር በለኝ» አለችኝ። ምን አይተሽ ነው ብዬ ብጠይቃት፣ ከላዩ ጠቆር ያለ ውሃ አቅርሮ፣ ሽታው እንደ አልኮል ሆኖ አገኘችው። ይህ እኮ ረሃብ እንጂ ሞት አይደለም! ውሃውን አፍስሶ ወይም መልሶ አማስሎ መመገብ ይበቃ ነበር። የሚጣለው ሻጋታ ወይም ሮዝና ብርቱካናማ ቀለም ሲታይበት ነው። እሷ ግን ጥላዋለች።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አፈርኩ። ሁለት ወር የሸሸችኝ እኔን ፈርታ ነው። እንኪ ብዬ የሰጠኋት ነገር ስጦታ አልነበረም፤ ከነመመሪያው አደራ ነበር። ሰማይ ሩቅ፣ አደራ ጥብቅ ይባል የለ? አደራ የተቀበለ ሰው እንቅልፍ የለውም።

ብዙም ሳይቆይ ተራው የእኔ ሆነ። ቤቱ ሲበርድ እርሾውን መጋገሪያ ምድጃው ውስጥ አስቀምጬው ነበር፤ ዳቦ ልጋግር ብዬ ረስቼ ለኮስኩት። ከ60 ዲግሪ ካለፈ በኋላ የሚተርፍ ነገር የለም። ሁለት ገጽ መመሪያ የጻፍኩት ሰው!

እንግዲህ ወዳደልኳቸው መደወል ነበረብኝ። በሕይወት የተገኘው መመሪያዬን ጨርሶ ካላነበበው ጓደኛዬ ቤት ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስት ሳምንት ይረሳዋል፣ ሲያስታውስ ያገኘውን ዱቄት ይሰጠዋል። ሽታውም ተለውጧል፤ የእኔ የነበረው ሾል ያለ ነበር፣ የእሱ ለስለስ ይላል። የእኔ ነው ወይስ የእሱ? እንጃ። በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከአራት አህጉራት 500 እርሾዎችን መርምሮ፣ የተወሰዱበት ቦታ በውስጣቸው ስለሚኖሩት ተሐዋስያን እምብዛም እንደማይናገር አሳይቷል። የትውልድ ቦታውን እያነሳሁ የእኔ ነው ማለቱን ተውኩት።

አሁን ስሰጥ ሁለት ማንኪያ እርሾና ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ ሲርበው መግቡት፤ ቢሞት ደውሉ፣ ሌላ አለ። ጥቂት ደግሞ ወረቀት ላይ ስስ አድርጌ ቀብቼ፣ አድርቄና ሰባብሬ አስቀምጫለሁ። ምድጃውን ዳግም ብረሳው ለመጠባበቂያ።

ያቺ ጓደኛዬ ባለፈው ወር መጥታ እንደገና ወሰደች። ትናንት ደውላልኝ ግማሽ ሰዓት ያህል ስንስቅ ቆየን፤ ስለ እርሾው አንዳችንም አላነሳንም።