የጣናን የእንፋሎት መርከብ ጻፉልን

ክቡራንና ክቡራት እንግዶች፣ እናቶችና አባቶች፣ በተለይም ደብተራችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወጣት ጸሐፍት፤ እንደምን አመሻችሁ!

ዛሬ እንድናገር የተጋበዝኩት ስለ ስቲምፓንክ ነው። ለማያውቁት ባጭሩ፣ ታሪክ አንድ ቦታ ላይ መንገዱን ቀይሮ ቢሆን ኖሮ፣ ዓለምም በእንፋሎት ሞተር እየተዳደረ ቢቀጥል ኖሮ እያለ የሚተርክ የልብ ወለድ ዘርፍ ነው። አንዳንድ ጊዜም ከእኛ ዘመን ተነሥቶ ወደዚያ የሚወርድ የጊዜ ተጓዥ አለበት። ወጣቶች በአማርኛ የሞከሩትን እያነበብኩ በጣም ደስ ይለኛል። ግን አብዛኛው ለንደን ላይ ይጀምራል፤ ጭጋግ፣ ረጅም ባርኔጣ፣ የጋዝ መብራት። እኔ የምለምናችሁ ከዚህ፣ ከጣና ዳር እንድትጀምሩ ነው። የአገር ፍቅር ብቻ አይደለም የሚያናግረኝ። ታሪኩ ወደ ሌላ መንገድ ሊታጠፍ የነበረበት ቦታ እዚሁ ነው።

በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ዘጌ ላይ ሰፍረው ነበር። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳም ደግሞ ማዶ ቆራጣ ተቀምጦ ነበር፤ ሐይቁን የሚሻገረውም በታንኳ ነው። በዚያ ሰሞን ንጉሡ ከደንገል ትልቅ ጀልባ አሠርተው፣ እንደ እንፋሎት መርከብ በግራና በቀኝ መንኮራኩር አስገጠሙበት። መንኮራኩሩን የሚያዞረው ግን የሰው ክንድ ነበር። ይህን የፈጠርኩት እንዳይመስላችሁ፤ በቦታው የነበሩ አውሮፓውያን ጽፈው አስቀምጠውታል።

እስቲ ጀልባዋን ቀረብ ብለን እንያት። ደንገል ውሃ ይጠጣል። ታንኳ ሲውል ሲያድር እየከበደ ይሄዳል፤ ወደ ዳር ተጎትቶ ፀሐይ ካላገኘ ይበሰብሳል። አሁን እዚያ ላይ የብረት ቦይለር ጫኑበት። ከሥሩ እሳት አንድዱ። ከታች የረጠበ ደንገል ይሰምጣል፣ ከላይ የደረቀው ብልጭታ ይጠብቃል። ከሁለቱ የትኛው ይቀድማል? እዚህ ላይ አንባቢ ትንፋሹን ይይዛል፤ የለንደን ጭጋግ ይህን አይሰጣችሁም።

መታጠፊያው የቱ ጋ ነው? ንጉሡ በዚያው ዓመት ሚስዮናዊውን ፍላድን ባለሙያና የሥራ መሣሪያ እንዲያመጣ ወደ እንግሊዝ ላኩት። ባለሙያዎቹ ተቀጠሩ፣ መሣሪያውም ተዘጋጀ፣ ምጽዋም ደረሱ። እዚያ ቆሙ። ንጉሡ ያሰሯቸው አውሮፓውያን ሳይፈቱ አያልፉም ተባለ፤ ንጉሡም አልፈቱም፤ ሰዎቹ እንደመጡ ተመለሱ። በሚያዝያ 1860 መቅደላ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ የጊዜ ተጓዣችሁን መቅደላ አትላኩት፤ እዚያ የሚደርስ ሰው ዘግይቷል። ምጽዋ ላይ፣ ባልተከፈቱት ሣጥኖች አጠገብ አውርዱት። እዚያ ገና የሚሠራው ሥራ አለው።

ሣጥኖቹ ጣና ደረሱ እንበል። ሞተሩ ምን ይበላል? ጣና ዳር የድንጋይ ከሰል የለም፤ ያለው እንጨት ነው። እንጨቱ ደግሞ ዘጌ ነው፤ ቡናው በዛፎቹ ጥላ ሥር የሚበቅልበት፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትና አዝዋ ማርያም በደኑ ውስጥ የተከበቡበት ዘጌ። አንድ አበምኔት መጥረቢያ በያዙ ወታደሮች ፊት ሲቆሙ ይታየኛል። «ጃንሆይ፣ ይህን ዛፍ ከቆረጡ ነገ ከየት ያመጣሉ?» ሲሉ። ንጉሡ ምን ይመልሳሉ? እኔ አላውቅም፤ ጽፋችሁ እንድታስነብቡኝ እጓጓለሁ።

ሌላም ነገር አለ፤ ከባዱም ይኸ ነው። ቴዎድሮስን እንወዳቸዋለን፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ነገር ግን በ1859 ጎንደርን አዘርፈው ያቃጠሉትም እሳቸው ናቸው። እንፋሎት የሰጣቸው ጸሐፊ ለዚያች ከተማ ምን እንደ ሰጣት ማሰብ አለበት። የጣና ደሴቶች መጻሕፍትና ንዋያተ ቅድሳት የሚሸሸጉባቸው ነበሩ፤ ውሃው አጥራቸው ነበር። ፈጣን መርከብ ያለው ንጉሥ አጥሩን ይሻገራል። መሣሪያውን ይዞ የመጣው ተጓዥ ያን ቀን ዳር ቆሞ ጭሱን ሲያይ ምን ይሰማዋል? በአማርኛ ስቲምፓንክ እስካሁን ያጣሁት ይህን ጥያቄ ነው። ጀግናን ማንገሥ ብቻውን ልብ ወለድ አይሆንም።

መሐንዲሱንም ሁልጊዜ ፈረንጅ አታድርጉት። ጋፋት ላይ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ አቅልጠው የሠሩት የውጭ ባለሙያዎች እንደ ነበሩ እናውቃለን፤ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን መድፍ በተራራና በገደል ጎትቶ መቅደላ ያደረሰው ግን የአገሬው ሰው ነው። በሐይቁም ላይ ቢሆን ደንገሉ ስንት ሰው እንደሚችል፣ ነፋሱ ከየት እንደሚነሣ የሚያውቁት ነገደ ወይጦዎች ናቸው። ለዘመናት ተንቀው የኖሩ ሰዎች ናቸው። የመርከቧን ዕቅድ የምታርም አንዲት የወይጦ ልጅ ጻፉልኝ። «ይህ ብረት ወደ ኋላ ካልሄደ አፍንጫዋ ይሰምጣል» ስትል ንጉሡ ዝም ብለው የሚያዳምጧት ልጅ።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ስለሆነ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። መሐንዲሳችሁ ይህን ይወቅ።

ከመጻፋችሁ በፊት ታንኳ ሠሪዎቹን ጠይቁ። ደንገሉ በስንት ቀን ይደርቃል፣ ትልቁ ታንኳ ምን ያህል ይጭናል፣ ማዕበል ሲነሣ ምን ይደረጋል በሉ። እኔ ነገ ጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር እወርዳለሁ፤ መምጣት የምትፈልጉ አብረን እንሂድ።

አመሰግናለሁ።