ኮምፖስት የሚጀምረው ከምድጃው ነው
(ለግብርና ኮሌጅ ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ወላጆች፣ በተለይ ደግሞ እናንተ የዛሬ ተመራቂዎች፤ እንኳን ደስ አላችሁ!

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ አብዛኞቻችሁ ቀበሌ ትወርዳላችሁ። እኔም ከብዙ ዓመት በፊት ዲፕሎማዬን ይዤ ጎጃም ደጋ ላይ አንድ ቀበሌ ተመደብኩ። የኮምፖስት አዘገጃጀትን በቃሌ አውቀው ነበር። ደረቁን በእርጥቡ ላይ ማነባበር፣ አመድና አፈር ጣል ማድረግ፣ ውሃ ማርከፍከፍ፣ ማገላበጥ።

በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት እናት ቤት ገባሁ። ኩበቱ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ይደርቃል። «እማማ፣ ይሄ እኮ ማዳበሪያ ነው፤ ለምን ያቃጥሉታል?» አልኳቸው። ብዙ አወራሁ። ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ልክ ነህ ልጄ። ግን ኩበቱን ለመሬቱ ከሰጠሁት እንጀራውን በምን ልጋግረው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ስለ ዘላቂ ግብርና ባሰብኩ ቁጥር የሚመጣብኝ ይህ ጥያቄ ነው። ዛሬም ለእናንተ ይዤው የመጣሁት እሱኑ ነው።

እስቲ የደጋውን ማሳ አስቡት። እህሉ ጎተራ ይገባል። ጭዱን ከብቱ ይበላዋል። የከብቱ እበት ኩበት ሆኖ ይነዳል። ማሳው ላይ የቀረችውን የመንደሩ ከብት ተለቆ ይግጣታል። ታዲያ ለአፈሩ ምን ተመለሰለት? የጓሮውን መሬት ደግሞ እዩት። አመዱ፣ ጥራጊው፣ የበረቱ አዛባ ይደርሰዋል። ለዚህ ነው ቤት አጠገብ ያለው በቆሎ ጠቁሮ ሲያምር የሩቁ ማሳ የሚጫጨው። ገበሬው ይህን ከእኛ በፊት ያውቃል። የጎደለው እውቀት አይደለም፤ ማገዶ ነው፣ መኖ ነው፣ ጉልበት ነው።

የአሲዳማ አፈርም ነገር እንደዚሁ ነው። ከሚታረሰው መሬታችን 40 በመቶ ያህሉ አሲዳማ ነው። ከባድ ዝናብ ካልሲየሙን አጥቦ ይወስደዋል። ፎስፈረሱ አፈር ውስጥ ይታሰራል። ገበሬው በውድ ዋጋ የገዛው ማዳበሪያ ሥር ሳይደርስ እዚያው ይቀራል። አሲዱን እንዲያረግበው «ኖራ በትኑ» እንላለን፤ ልክም ነው። ግን ለአንድ ሄክታር 30 ኩንታል ቢያስፈልግ፣ መኪና የማይገባበት ቀበሌ ውስጥ ማን ያደርሰዋል? አህያ በአንድ ጊዜ ግማሽ ኩንታል ብትሸከም 60 ምልልስ ነው። ይህን ስሌት ሳትሠሩ ምክር እንዳትሰጡ።

የፋብሪካ ማዳበሪያን እንደ ጠላት የሚያይ ንግግር ግን አልወድም። ብዙ ቤት ያለእሱ ዓመቱን አይዘልቅም። እኔ የምለው፣ ብስባሽ በሌለው አፈር ላይ ማዳበሪያውም ብዙ አይሠራም ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1996 የአካባቢ ጥበቃ ሳይንቲስቱ እነ ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ትግራይ ውስጥ በአራት መንደሮች ሥራ ጀመሩ። ኮምፖስት ያገኘው ማሳ ማዳበሪያ ከተጨመረበት የሚስተካከል፣ አንዳንዴም የሚበልጥ ምርት ሰጠ። ልብ በሉ፣ እዚያ የኮምፖስት ጉድጓድ ተቆፍሮ ብቻ አልቀረም። ገበሬዎቹ ራሳቸው ሰሪት፣ ማለትም የመንደር ደንብ፣ አውጥተው ከብት እንዳሻው እንዳይለቀቅ ተስማምተዋል።

እኔ የተሳሳትኩትም እዚህ ላይ ነው። አንድ ዓመት ከላይ ኮታ ወረደልን፤ በየቤቱ ሁለት ጉድጓድ። ተቆፈረ፣ ተቆጠረ፣ ሪፖርቱ ሄደ። ክረምት ላይ ስዞር ግማሹን ውሃ ሞልቶታል። አንዱ ውስጥ ጥጃ ገብታ እግሯ ተሰበረ። ያ ገበሬ ከዚያ በኋላ ኮምፖስት የሚለውን ቃል መስማት አልፈለገም። ያስቆፈርኩት እኔ ነኝ። እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ገበሬው ራሱ የፈጠረውን ማየት ከፈለጋችሁ አዊ ዞን፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ ሂዱ። እዚያ አሲዳማና የደከመ መሬታቸው ላይ ዲከረንስ የሚባለውን፣ ቶሎ የሚያድግ የግራር ዓይነት ዛፍ ተከሉ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሀል ጤፍ ይዘራሉ። ቀጥሎ ሣሩን ያጭዳሉ። በአራት በአምስት ዓመት ዛፉን ቆርጠው ከሰል ያደርጉታል። ከዚያ መሬቱ አርፎ እንደገና ጤፍ ይዘራበታል። ገንዘብ መጣ፤ የተራቆተው ኮረብታ ለበሰ። ማንም ኮታ አልሰጣቸውም።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ዋግ መሰል የፈንገስ በሽታ ገባና ዛፉን አደረቀው። ኮረብታውን ሁሉ የያዘው አንድ ዓይነት ዛፍ ስለነበር በሽታው ከማሳ ማሳ ሲሄድ የሚያቆመው አላገኘም። እዚህ ላይ ጌዴኦዎችን አስታውሱ። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ትልልቁ ዛፍ በአንድ ማሳ ላይ ተደራርቦ ይኖራል። ዩኔስኮ በ2023 የመዘገበው ይህንኑ መልክዓ ምድር ነው። አንዱ ቢታመም ሌላው ይቆማል።

ሰብል ማፈራረቅን ተምራችኋል፤ አልደግመውም። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ባቄላ ስትነቅሉ ሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች በጥፍራችሁ ሰንጥቁ። ውስጡ ቀላ ካለ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ለተክሉ እያዘጋጀ ነው። ለገበሬው አሳዩት፤ ከአንድ ሰዓት ስብሰባ ይበልጣል። መሬቱ አሲዳማ ከሆነ ባቄላ ይከብደዋል፤ ግብጦ ግን ይችለዋል። የጎጃም ገበሬ በደከመ መሬት ላይ ግብጦ የሚዘራው ያለ ምክንያት አይደለም።

ወደ እማማ ልመለስ። መልስ ይዤ ለመመለስ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ። እርከናቸው ጠርዝ ላይ ትሪ ሉሰርን የሚባለውን የመኖ ዛፍ ተከልን። ቅጠሉ መኖ ሆነ፣ እንጨቱ ማገዶ። ማገዶ ቆጣቢ ምድጃም ሠራን። ኩበቱን ማንደድ አላቆሙም። ግማሹን ግን ለሩቁ ማሳ መስጠት ጀመሩ፤ በቅርጫት፣ በጀርባቸው ተሸክመው። በሦስተኛው ክረምት አስጠሩኝ። ከዚያ ማሳ አፈር ዘግነው እጄ ላይ አደረጉልኝ። አፈሩ ጠቁሯል፤ ውስጡ ትል ይንቀሳቀሳል። «ያኔ የጠየቅኩህን አልረሳህም ለካ» አሉኝ።

አመሰግናለሁ።