በዕቅድዎ ውስጥ የለም
(በአንድ ዩኒቨርሲቲ የበጀት ዓመት መዝጊያ ለአስተዳደር ሠራተኞች የቀረበ ንግግር)

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ የተከበራችሁ የማኔጅመንት አባላት፣ ውድ የሥራ ባልደረቦቼ፤

«የአስተዳደር ሠራተኛውን የሥራ አፈጻጸም የሚወስኑ ጉዳዮች» በሚል ርዕስ አሥር ደቂቃ እንድናገር ሲጋብዙኝ፣ በሚቀጥለው ወር ጡረታ የምወጣ ሰው የሚፈራው ነገር እንደሌለ አዘጋጆቹ ያሰቡበት አልመሰለኝም።

ብዙዎቻችሁ የሪከርድና ማህደር ክፍልን የምታውቁት በመስኮቱ በኩል ነው። በ2009 ዓ.ም. ኅዳር ላይ፣ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ፣ ከበላያችን ያለው የመጸዳጃ ቤት ቧንቧ መፈንዳቱን አንድ የጥበቃ ባልደረባችን ደውሎ ነገረኝ። ስደርስ ውኃው ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ በታችኛው መደርደሪያ ላይ የነበሩት ደግሞ ኮምፒውተር ከመግባቱ በፊት የተመረቁ ተማሪዎች ማህደሮች፣ ሌላ ቅጂ የሌላቸው፣ ነበሩ። ከሦስት የጽዳት ሠራተኞች ጋር የልብስ ማስጫ ገመድ በየክፍሉ ወጥረን፣ ወረቀቱን አንድ በአንድ እያላቀቅን በመቆንጠጫ ሰቀልነው፤ እርጥበቱ እምቢ ያለውን በነጠላዬ ሸፍኜ ከቤት ባመጣሁት ካውያ ተኮስኩት። የማኅተሙ ሐምራዊ ቀለም ነጠላዬ ላይ ቀርቷል፤ አሁንም አልለቀቀም። ሁለት ሌሊት እንዲህ አደርን።

ጥር ላይ የስድስት ወሩ ምዘና ደረሰ። አለቃዬ ደግ ሰው ነበሩ፤ ቅጹን ገልበጥ ገልበጥ አደረጉና «እትዬ፣ ይሄ እኮ በዕቅድዎ ውስጥ የለም» አሉኝ። «መካከለኛ» ተሞላልኝ። ከእኔ ጋር ያደሩት የጽዳት ሠራተኞች ደግሞ በማግስቱ መደበኛ ቦታቸውን ሳያጸዱ በመዋላቸው ነጥብ ተቀነሰባቸው! አራት ሪፖርት አቀርባለሁ ብሎ ያቀደና አራቱን ያቀረበ ባልደረባችን ግን ከፍተኛውን ነጥብ ወሰደ፤ ሪፖርቶቹን ያነበበ ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ይህን የማነሳው ለነጠላዬ ካሳ ፈልጌ አይደለም። ያ ነጥብ ለደረጃ ዕድገት ስንወዳደር የሚቆጠር ነው፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ቧንቧ ሲፈነዳ ሠራተኛው መጀመሪያ ዕቅዱን ቢያገላብጥ እንዴት ይፈረድበታል? ቢ.ፒ.አር. የሚባለው የአሠራር ለውጥ መጣ፣ ቢ.ኤስ.ሲ. የሚባለው የዕቅድና የምዘና ሥርዓት ተከተለ፣ ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የአሠራር ማሻሻያ ዘዴም መጣ፤ ለእያንዳንዱ ሠልጥነናል፣ ለእያንዳንዱ ሻይ ጠጥተናል። ከዚያ ሁሉ ጓዝ ለአስተዳደር ክፍሎች የተሰጠው «ደጋፊ የሥራ ሂደት» የሚለው መጠሪያ ግን ከእኛ ጋር ቀረ። ተማሪ ያለ መዝገብ የሚመረቅ ከሆነ፣ መምህር ያለ ደመወዝ ከፋይ ሠራተኛ ወሩን የሚገፋ ከሆነ፣ እሺ፣ ደጋፊ በሉን!

ደመወዝን በተመለከተ ብዙ አልልም። ዝቅተኛው መነሻ በጥቅምት 2017 ከ1,100 ወደ 4,760 ብር፣ በመስከረም 2018 ደግሞ ወደ 6,000 ብር ከፍ ብሏል፤ የቤት ኪራዩን ግን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ፣ ልዩነቱን ታውቁታላችሁ። ስለ ሥልጠናና ስለ ቢሮ ምቹነትም ጽፌ ነበር፤ ጊዜው ስላለቀ አልፈዋለሁ።

ክቡር ፕሬዚዳንት፣ አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ። የሚቀጥለው የምዘና ቅጽ ሐምሌ 1 ይበተናል። ከመታተሙ በፊት «ከዕቅድ ውጭ የተሠራ ሥራ» የሚል፣ ነጥብ ያለው አንድ ረድፍ ይጨመርበት። ዛሬ ሰኔ 20 ነው፤ ቅጹን የምታባዛው ልጅ እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች።

አመሰግናለሁ።