ለመቶ ሰው ማብሰል፦ ለምግብ ዝግጅት አዲስ ሰልጣኞች የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ የኮሌጁ አመራሮች፣ የሥራ ባልደረቦቼ አሰልጣኞች፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ወላጆች፣ በተለይም ዛሬ የምግብ ዝግጅት ትምህርት የምትጀምሩ ሰልጣኞች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

በምዝገባ ሰሞን ከወላጆች ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፦ ወጥ መሥራት ከእናት የሚለመድ ሆኖ ሳለ ኮሌጅ ገብቶ መማር ለምን አስፈለገ? ጥያቄው ተገቢ ነው። ከመካከላችሁ ሽንኩርት ማቁላላትን፣ ሊጥ ማቡካትንና ቅቤ ማንጠርን ከእኛ ከአሰልጣኞቹ አሳምሮ የሚያውቅ እንደሚኖር አልጠራጠርም። ኮሌጁ ይህን ችሎታ ሊተካ አልተነሳም። የሚጨምረው፣ ለስድስት ሰው የሚጣፍጠውን ምግብ ለብዙ መቶ ሰው፣ ዛሬም ነገም በአንድ ዓይነት ጣዕም፣ ማንንም ሳያሳምሙና ድርጅቱን ሳያከስሩ ለማቅረብ የሚያስችለውን ዕውቀት ነው።

ዶሮ ወጥን እንውሰድ። በቤታችን አንድ ዶሮ በ12 ብልት ይወጣል፤ ሽንኩርቱ ውኃው እስኪመጥ ይቁላላል፤ በርበሬው ይከተላል፤ ሁሉም በልምድ ዓይን እየታየ ይሠራል። ይህን በአሥር አባዝተን በትልቅ ድስት ብንጥደው ግን ሥራው በአሥር አይባዛም። ሽንኩርቱ ተከምሮ ስለሚቀመጥ ከሥር ያለው ማረር ሲጀምር ከላይ ያለው ገና ውኃውን አልጣለም፤ እንፋሎት የሚወጣበት የድስቱ አፍ ከሽንኩርቱ ብዛት ጋር እኩል አላደገምና የማቁላሊያው ጊዜ እጅግ ይረዝማል። በኋላ የሚጨመረው ውኃ ደግሞ እንደ ቤቱ ቶሎ ስለማይተን በዚያው ስሌት ከተጨመረ ወጡ ይቀጥናል። ስለዚህ የሠለጠነ አብሳይ ሽንኩርቱን አፈ ሰፊ በሆኑ ድስቶች ከፍሎ ይጥዳል፤ መጠኑን በሚዛን፣ ጊዜውን በሰዓት ይዞ ይመዘግባል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሰው በእርሱ ቦታ ቢቆምም ያው ወጥ እንዲወጣ ያደርጋል።

ያ መዝገብ የገንዘብ ሰነድም ነው። ከገበያ የተገዛ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ተልጦ ኪሎ አይሆንም፤ ሙሉ ዓሣም ጭንቅላቱ፣ አጥንቱና ቆዳው ሲወጣ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉን ሊያጣ ይችላል። ዋጋ መተመን ያለበት ከዚህ ኪሳራ በኋላ ሳህን ላይ የሚደርሰውን መሠረት አድርጎ ነው። ወንበሩ ሞልቶ እየዋለ ወር በመጣ ቁጥር የቤት ኪራይ የሚቸግረው ምግብ ቤት ታውቃላችሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ ከጣዕሙ ሳይሆን ከዚህ ስሌት ነው።

አሁን ደግሞ ከሁሉ አስበልጬ ወደማየው ጉዳይ ልለፍ። ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ አብዛኞቹ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ይራባሉ። ለድግስ የተሠራ የሥጋ ወጥ ከነትልቅ ድስቱ ወለል ላይ ሲያድር መሐሉ እስከ ንጋት ለብ እንዳለ ይቆያል፤ ወጡ ፈልቷል ብለን መተማመን ደግሞ አንችልም፤ ክሎስትሪዲየም ፐርፍሪንጀንስ የሚባለው ባክቴሪያ መፍላትን ተቋቁመው የሚተርፉ፣ በኋላም እንደ ዘር የሚያቆጠቁጡ ስፖሮች አሉትና። መፍትሔው ወጡን ጥልቀት በሌላቸው ሰፋፊ ዕቃዎች ከፋፍሎ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ 21 ዲግሪ፣ ከዚያም በአራት ሰዓት ውስጥ ወደ 5 ዲግሪ ማውረድ ነው። ሃሳፕ ብለን የምናስተምራችሁ የምግብ ደህንነት ሥርዓት መነሻው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለአሜሪካ ጠፈርተኞች ምግብ ሲዘጋጅ የተቀመረ አሠራር ነው፤ ጠፈር ላይ ሆዱ የተበላሸ ሰው ሐኪም ቤት ሊሄድ አይችልምና አደጋውን ከምንጩ መያዝ ግድ ነበር። ለሠርግ ድግስም ቢሆን ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ በቂ አይመስለኝም።

ጥንቃቄ ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። ረቡዕና ዓርብ የጾሙን ድስትና ማማሰያ ከፍስኩ የምትለይ እናት፣ የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋን በየፊናው የሚያዘጋጅ የድግስ ቤት፣ ዛሬ የዓለም ሆቴሎች ኦቾሎኒ ወይም ወተት ለማይስማማው እንግዳ የሚያደርጉትን መለየት ያውቁታል። የሚቀረን ልማዱን ወደ አዲሱ ጉዳይ ማሻገር ነው። ለምሳሌ ጤፍ በስንዴና በገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን የሚባል ፕሮቲን የለውም፤ ነገር ግን ስንዴ ወይም ገብስ የተቀላቀለበትን እንጀራ «የጤፍ ነው» ብሎ ለሴሊያክ ሕመምተኛ፣ ማለትም ግሉተን አንጀቱን ለሚጎዳው ሰው፣ ማቅረብ ሰውየውን መጉዳት ነው። በተለይ በአውሮፓና በአሜሪካ ባሉ ምግብ ቤቶቻችን ዱቄት መቀላቀል የተለመደ ስለሆነ፣ ወደዚያ የመሄድ ሐሳብ ያላችሁ ይህን ከወዲሁ ልብ በሉት።

በሥራ ክፍፍልም ቢሆን ባዶ እጃችንን አልመጣንም። ፈረንሳዊው ኦጉስት ኤስኮፊዬ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ በለንደኑ ሳቮይ ሆቴል ወጥ ቤቱን በየክፍሉና በየኃላፊው ሲያደራጅ፣ በቤተ መንግሥታችን ወጥ ቤቱ፣ እንጀራ ቤቱና ጠጅ ቤቱ በየራሳቸው ሹም ይተዳደሩ ነበር፤ ያለዚያ ሥርዓት የምኒልክንና የጣይቱን ታላላቅ ግብሮች ማስተናገድ ባልተቻለም ነበር። ታዲያ የኤስኮፊዬ አሠራር ተጽፎ በየአገሩ ማስተማሪያ ሲሆን የእኛው በአብዛኛው በቃል ቀርቶ ደበዘዘ። የሙያ ትምህርታችን ነቀፌታ የሚገባው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ ሰልጣኙ የቤሻሜልን፣ የፈረንጆቹን ነጭ የወተት ስጎ፣ ቅቤና ዱቄት በግራም ሸምድዶ ይወጣል፣ ሽሮን ግን በግምት ይሠራል። እኔ የምጠብቅባችሁ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን እንድትመዝኑ ነው።

ስለ ሥራው አልደብቃችሁም። ብዙዎቻችሁ የምትጀምሩት ዕቃ ከማጠብና ድንች ከመላጥ፣ ወይም በኮሚነት፣ ማለትም በረዳት አብሳይነት፣ ነው፤ ኩክ፣ ሱ ሼፍ (የሼፍ ምክትል)፣ ሼፍ እያላችሁ ለመውጣት ዓመታት ይጠይቃል። ሰው በዓል ሲያከብር እናንተ ምድጃ ፊት ናችሁ። ሥራው ያለው በትልልቅ ሆቴሎች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የአየር መንገድ ምግብ ዝግጅት፣ ሆስፒታሎች፣ የዩኒቨርሲቲ ካፌዎች፣ የተማሪዎች ምገባና የድግስ ሥራ ሁሉ የሠለጠነ እጅ ይፈልጋሉ። እንዲያውም ለስኳር ሕመምተኛ የሚጣፍጥ ምሳ ማውጣት ከግብዣ ጠረጴዛ ይበልጥ ዕውቀትን የሚፈትን ይመስለኛል። ለሴት ልጆቻችን ደግሞ ለብቻ የምለው አለኝ፦ በቤት ወጥ ቤቱ የሴት ነው ስንል ኖረን፣ ደመወዝ ያለበትና ነጭ ቆብ የሚደፋበት ሲሆን ለወንድ መተዋችን ምክንያት የለውም።

በመጨረሻም የትብብር ስልጠናችሁን በድርጅቶች ውስጥ ታካሂዳላችሁ፤ ስታጠናቅቁ የሙያ ብቃት ምዘና ትወስዳላችሁ። መዛኙ የሚያየው የሳህኑን ውበት ብቻ ሳይሆን፣ ጥሬ ሥጋ የቆረጣችሁበትን መክተፊያ ለሰላጣ መልሳችሁ መጠቀም አለመጠቀማችሁንም ጭምር ነው።

ነገ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በማሰልጠኛ ወጥ ቤቱ እንገናኝ። ጥፍር የተቆረጠ፣ ጸጉር የተሸፈነ፣ ጫማ ድፍንና የማያንሸራትት ይሁን፤ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ቤት ይቅሩ፤ ደብተርና እስክሪብቶ አይረሱ። የመጀመሪያው ትምህርት እጅ አስተጣጠብ፣ ቀጣዩ ቢላዋ አያያዝ ነው። አመሰግናለሁ።