ክፍል 41፦ 128 ምንድን ነው?

እሺ፣ ሰላም ናችሁ። መብራት የለም፤ ስለዚህ ዛሬም በስልክ ነው የምቀዳው። ዶሮዋም አለች። አዎ፣ ያቺው ዶሮ። «እስካሁን አልታረደችም እንዴ?» ለምትሉኝ፣ ፋሲካንም አለፈች።

ዛሬ ስለ ኪራይ ነበር የማወራው። ተውኩት። ማክሰኞ እማዬን ክሊኒክ ወስጃት ከመጣሁ ወዲህ አንድ ነገር ውስጤን እየበላኝ ነው።

ካርድ ክፍል ነን። ልጅቷ የእማዬን ስም ጻፈች። የለም። ደግማ ጻፈች። የለም። «አዲስ ካርድ ይወጣል» አለች። እማዬን ታውቋታላችሁ፤ «የኔ ልጅ፣ እዚህ ስመላለስ ፀጉሬ ሸበተ» ብላ ክርክር ገጠመች። እኔ ጎንበስ ብዬ ስክሪኑን አየሁ። ፀሐይ። በፀሐዩ ፀ፣ በሐመሩ ሐ። ልክ ነው የጻፈችው። ችግሩም እሱ ነው። «እስቲ በጸሎቱ ጸ፣ በሀሌታው ሀ ሞክሪው» አልኳት። ወጣ።

«እንዴት አወቅሽ?» አለችኝ።

ምንም አላልኩም። ያወቅኩት እኔ አይደለሁማ። መሪጌታ ነው።

መሪጌታ፣ አብሮኝ ዩኒቨርሲቲ የተማረው፣ የፍላሹ ልጅ። ባቹን በሙሉ በሾርትከት ቫይረስ የፈጀው። እሱን ታሪክ ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ እዚህ። የዲፌንሱን ቀን፣ የመመረቂያ ፕሮጀክታችንን ፈታኝ ፊት ያቀረብንበትን ቀን ግን አውርቼላችሁ አላውቅም።

አራት ነን። ፕሮጀክታችን የጤና ጣቢያ ካርድ ማስተዳደሪያ። ያኔ የባቹ ግማሽ ይህንኑ ነው የሠራው፣ ቀሪው ደግሞ የላይብረሪ። ፈታኙ ኮዱን ወደ ታች ወደ ታች አወረደና አንድ መስመር ላይ ቆመ። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አደረገ። «ዋይ ዋን ትዌንቲ ኤይት?» አለ።

መስመሩን የጻፈው መሪጌታ ነው። አፉን ከፈተ። «ዚስ ኢዝ... ዚስ...» አለ። እጁን አየሁት። በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ፊደል እየጻፈ ነበር። ኀ መሰለኝ። አሁን ነው ኀ የመሰለኝ፣ ያኔ ጭረት ብቻ ነው የታየኝ። ስንት ሰከንድ ጠበቅኩ? ሦስት? አራት? ከዚያ ዘው ብዬ ገባሁ። በዚያ በቦሌ እንግሊዝኛዬ። አስኪ፣ ያ የድሮው የእንግሊዝኛ ፊደላት የኮምፒውተር ሰንጠረዥ፣ 128 ካራክተሮች ነው ያሉት፣ ቁጥሩ ከዚያ የመጣ ነው አልኩ። ቀጥ ብዬ፣ ዓይኑን እያየሁ።

ፈታኙ ራሱን ነቀነቀና አለፈ።

ውሸት ነው እኮ። ማለቴ፣ አስኪ 128 ካራክተር አለው፣ እሱ እውነት ነው። ግን አስኪ ውስጥ አንድም የግዕዝ ፊደል የለም! ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ለዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጠው ሰንጠረዥ ውስጥ ማለቴ ነው፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። እዚያ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር አለው። ሀ 4608 ነው። ብዙኃኑ ኀ 4736። ቀንሱ እስቲ። 128! ስለዚህ ኃይሉን ብትጽፉ ኮዱ ከኃ ላይ 128 ይቀንሳል፣ ሃይሉ ይሆናል። ቀጥሎ ባለው መስመር ደግሞ 3 ቀንሶ ሃን ወደ ሀ ይመልሳል። አለቀ። ስሙን የፈለገ ሰው በፈለገው ሀ ቢጽፈው ይገኛል። ለሐ 16፣ ከፀ ወደ ጸ 8። አንድ በአንድ አስቦበታል። ስለ 3 ቢጠይቁኝ ኖሮ ምን እል እንደነበር እግዜር ይወቅ።

ማክሰኞ ማታ ቁጭ ብዬ አሰላሁት። ፀሐይን በ12 መንገድ መጻፍ ይቻላል። ሁለቱ ጸ፣ ስድስቱ ሀ። አንድ የካርድ ክፍል ልጅ አሥራ ሁለቱንም ትሞክር እንዴ?

መሪጌታ የቆሎ ተማሪ ነበር። ኮምፒውተር የነካው ፍሬሽ ሆኖ ነው። ላብ ውስጥ ለሁለት አንድ ማሽን ነበር የሚደርሰን። እኔ ኪቦርዱን ይዤ እሱ ያያል። ሁልጊዜ እኔ ነኝ የያዝኩት... ይሄንን አሁን ነው ልብ ያልኩት። በወረቀት ፈተና ግን ይበልጠኝ ነበር። ኮድ በእስክሪብቶ እንጽፍ እንደነበር ለልጆቹ ንገሯቸው እስቲ! ሰርዘህ ቀስት እያወጣህ። አንድ ሴሚኮለን ረስቼ ግማሽ ማርክ የተቀነሰብኝ እስካሁን ያንገበግበኛል። እሱ ግን ብራና ላይ የሚጽፍ ነው የሚመስለው። ስርዝ የለም፣ ድልዝ የለም። ዛሬ ቢሆን የመውጫ ፈተናው አለ፣ ከ2015 ወዲህ። ምርጫ ነው፣ 50 ማምጣት ነው። ማንም «ዋይ» አይልህም። እሱ ላይ ባቹን ይመራ ነበር። ወይም... እንጃ። ራሴን ለማጽናናት ይሆናል የምለው።

ስንወጣ ላውንጅ ሄድን። ሻይ አዘዝን። ሁሉም ይስቃል። እሱ ስኳሩን ሲያማስል ቆየና «ጥሩ መለስሽ» አለኝ።

ይሄው ነው። ጥሩ መለስሽ።

ስንት ዓመት ሆነኝ ይቺን ቃል ስገለባብጣት። አሽሙር ነው? እሱ አሽሙር አይችልም። ግን ቅኔ የተማረ ሰው ነው፤ ሰምና ወርቅ ያለው ሊሆን ይችላል። ወይ ደግሞ ከልቡ ነው። አዳነችኝ ብሎ። እሱ ከሆነ ይብሳል።

ግሬድ ወጣ። እኔ ኤ። እሱ ቢ ፕላስ። የግል ማርክ አለው፣ «ጥያቄ አልመለሰም» ነው ነገሩ። ሄጄ «መስመሩ የሱ ነው» ማለት እችል ነበር። የፈታኙ ቢሮ ከካፌ ሁለት ደቂቃ ነው። አልሄድኩም። የምረቃ ልብስ እያሰፋሁ ነበር። በነገራችን ላይ ያ ልብስ አሁን አይገባኝም፣ እማዬ ግን አልሰጥም ብላ ሰቅላዋለች።

እና ደግሞ... ምናልባት እሱ ረስቶታል። ቢ ፕላስ ማንን ገደለ? እኔ ነኝ ትልቅ ነገር ያደረግኩት። ሦስት ሰከንድ ነው እኮ። ሦስት ሰከንድ ብጠብቀው ይናገር ነበር? በአማርኛ አስረዳ ቢሉት ኖሮስ? ክፍሉ ውስጥ ያለን ሰባታችንም አማርኛ እንችላለን እኮ። ሰባታችንም።

ቴሌግራም ላይ አለ። «ላስት ሲን ሪሰንትሊ» ይላል። ፕሮፋሉ አበባ ነው። ትናንት «ሰላም ነው? 128ን አሁን ገና...» ብዬ ጻፍኩ። አጠፋሁት። «ሰላም ነው?» ብቻ ጻፍኩ። እሱንም አጠፋሁት። ድንገት ሰላም ነው ከተባለ ብር ሊበደሩኝ ነው አይልም?

ቆይ፣ መብራት መጣ። ፍሪጁ ሲነሳ ሰማችሁት? ዶሮዋም ሰምታዋለች።

ምን እያልኩ ነበር። አዎ፣ የክሊኒኳ ልጅ። «እንዴት አወቅሽ?» ስትለኝ፣ እማዬ በኔ ፈንታ መለሰችላት። «ኮምፒውተር ተምራ ነው» አለቻት። ኮራ ብላ። እኔም... ካርዱን ተቀብዬ ዝም አልኩ።